ጥቅምት ሃያ ዘጠኝን የማያውቅ ኮምፒውተር

የምሠራበት የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ውስጥ ያሉት አራት ኮምፒውተሮች ሁለት ዓመት ሙሉ የቆጠሩት በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነበር። ይህን ስናገር የሚያደንቁ አሉ። አያድንቁ። በእኛ ቀን የተሞላ ኮምፒውተር እንደ ሰካራም ዘበኛ ነው፤ የቤቱ ልጅ ሲገባ «ሌባ» ይላል፣ እንግዳ ሲገባ «ሌባ» ይላል፣ ሌባው ራሱ ሲገባም ያንኑ «ሌባ» ይላል። ያን ጊዜ ግን ጩኸቱን የለመደ ሰው ዞር ብሎ አያይም።

ነገሩን ያመጡት የኔታ ናቸው። የኔታ የምላቸው ከሱቃችን በማይርቅ ደብር ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ ጾሙና በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን ቀመር ነው። የትኛው ደብር እንደሆነ ለማወቅ ከአሁኑ የጀመራችሁ ጎንደሬዎች አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። አትልፉ። የኔታ «ስሜንና ደብሬን ካላነሣሽ ጻፊው፣ ሰው ይማርበት» ብለውኛል፤ ሌላውንም ምልክት ቀያይሬዋለሁ።

በመጀመሪያ የመጡት የደብሩን ደብዳቤ ሊያስጽፉ ነበር። ጻፍኩ፣ አተምኩ። ማሽኑ ከላይ በራሱ ቀን ያስገባል፣ የፈረንጁን። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩና ወደ ቤቱ ባለቤት ዞሩ።

«ሀጂ፣ ይህ ቀን የማን ነው?»

«የማሽኑ ነው የኔታ።»

«ማሽኑ የሚኖር የት ነው?»

«እዚሁ ጎንደር።»

«ታዲያ ምነው የሰው አገር ቀን ይቆጥራል?»

ሀጂ ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ በዚህች ከተማ ሲነግድ ከኖረ የሙስሊም ቤተሰብ የወጡ ሰው ናቸው። በሃይማኖት ከየኔታ ይለያሉ፤ በኩራት ግን ወንድማማች ናቸው። ነገሩ አንገበገባቸው። በዚያው ቀን ማሽኖቹ ራሳቸውን ከኢንተርኔት እንዳያርሙ አስዘጉና ቀኑንም ሰዓቱንም ወደ እኛ አዞሩት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ማሽኑ ላይም ሁለት ሰዓት ሆነ። ለደንበኛ ሁሉ ያሳዩት ነበር፤ «የእኛ ቤት ማሽን ኢትዮጵያዊ ነው» ይላሉ።

ኢትዮጵያዊነቱ ግን ጥቅምት ላይ ሲደርስ ያነክሳል። ማሽኑ በውስጡ የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ብቻ ነው፤ የእኛ ሁለተኛ ወር በእነሱ ሁለተኛ ወር ላይ ተደርቦ ስለተቀመጠ በሃያ ስምንት ቀኑ ያልቅና ኅዳር ይገባል። በየወሩ መባቻ እኔ እየዞርኩ አስተካክላለሁ። ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር ሰምቶ ስለማያውቅ ያን ሰሞን ቀን የለሽ ሆነን እንሰነብታለን።

ይሄ ብቻ ቢሆን በሳቅ ባለፈ። ቀኑን ባዞርን ማግስት አንድ ድረ ገጽ ስከፍት ስክሪኑ ቀይ ሆነ። «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ይላል። ሌላ ከፈትኩ፤ ያው። ሌላው ደግሞ በእንግሊዝኛ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» አለ። ለሀጂ ተረጎምኩላቸው።

«ፈረንጅ መቼ ነው ኋላ ቀር ብሎን የማያውቅ?» አሉ ሀጂ። «እለፊው።»

አለፍኩት። ከቀዩ ጽሑፍ ሥር በትንሹ «አደጋውን አውቃለሁ፣ ቀጥል» የሚል አለ፤ እሱን መጫን ነው። አዲሱ ብሮውዘር አላሳልፍም ሲል ሀጂ የሚያሳልፍ አሮጌ ብሮውዘር አፈላልገው አስጫኑ። ጭራሽ እንቢ ያለውን ለደንበኞች በራሴ ስልክ እከፍትላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ጣቴ ራሱ ያውቀዋል፤ ቀይ ሲመጣ ቀጥል፣ ቀይ ሲመጣ ቀጥል። አደጋውን አውቃለሁ ያልኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ እግዜር ይቁጠረው። የማውቀው አደጋ ግን አልነበረም።

ደንበኞቻችንም ቢሆኑ ምስጢር ጠባቂዎች አልነበሩም። ፓስፖርት ሊያስሞላ የመጣ ሰው ፓስወርዱን ከበር ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ ይነግረኛል፤ ፓስወርዱ ደግሞ ስልክ ቁጥሩ ነው፤ ስልክ ቁጥሩ ደግሞ የሱቁ በር ላይ በቀለም ተጽፏል። ያው ሰው «ይሄ ኢንተርኔት የሚሉት ነገር ሰው ይሰልላል አሉ» ብሎ የኮምፒውተሩን ካሜራ በማስቲካ ይለጥፍልኛል። የማላቅቀው እኔ ነኝ።

የእኔም ስም መልካም አልነበረም። ያደግኩት ከጎንደር በላይ ደጋው ላይ፣ ኮሶዬ ነው፤ እናቴ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት። የኮሶዬ ብርድ አፍ ያስዘጋል ይባላል፤ እኔን አልነካኝም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ጎንደር ወርጄ እዚህ ገባሁ። ያሰብኩትን እናገራለሁ። ስለዚህ ሰዉ «አፈኛዋ» ይለኛል።

ይህ ስም አንድ ቀን ዋጋ አስከፈለኝ። አንዲት መምህርት ባሏ ሳያውቅ ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር በኢንተርኔት ማመልከቻ አስገባች። የሞላሁላት እኔ ነኝ። ለምን ከባሏ እንደምትሸሽ ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ ያየ ሰው አይጠይቅም። በማግስቱ ባልየው ፀጉር ሲስተካከል ወሬውን ሰማ። ማን ነገረው? ሱቁ ውስጥ የነበርነው እኔና እሷ ብቻ። እሷ ራሷን አትናገር፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። መምህርቷ መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። ሀጂም «አፍሽን ግጠሚ፣ የሱቁን ስም አታጥፊ» አሉኝ። ማልኩ፣ ተገዘትኩ። ማን ያምነኛል? እኔም ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ፤ ሳላውቀው አምልጦኝ ይሆን እያልኩ።

በዚህ መሃል ነው የኔታ ተመልሰው የመጡት፣ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ፣ ረፋድ ላይ። ሀጂ በር ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። የኔታ ሰላምታ ሰጥተው ገቡና ጥግ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። ከዚያ ጋቢያቸውን ገልጠው እንደ መጋረጃ ዘረጉት። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

«ልጄ» አሉ በቀስታ፣ የታጠፈ ወረቀት እያወጡ። «አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ቤት ይህን ቁጥር ሰጥቶኛል። ውጤቱ በዚህ ይታያል ብለውኛል።»

«የምን ውጤት ነው የኔታ?»

ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። ጥያቄዬ አፈኛ መሆኔን አስታወሳቸው መሰለኝ። ግን ሌላ የሚሄዱበት ቤት አልነበራቸውም።

«ከባለቤቴ ጋር ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ልጅ የለንም። ሰዉ የሚያላክከው እሷ ላይ ነው፤ ያልሄደችበት ጸበል የለም። እኔ ደግሞ ባለፈው ለደብሩ ጉዳይ ስወርድ ሳልነግራት ሄጄ ተመረመርኩ።» ጋቢውን ከፍ አደረጉት። «ክፉም ይሁን ደግ ከእኔ አፍ ትስማው። ከመንገድ ከሰማችው ግን እኔ ሞቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት የተሸከመችውን አንድ ወሬኛ አያውርድላት።»

እሺ አልኩ። አድራሻውን ጻፍኩ። ቀይ መጣ። ጣቴ እንደ ልማዱ ወደ «ቀጥል» ሄደ።

«ቆይ» አሉ የኔታ። «ቀዩ ምን ይላል?»

«ምንም አይደል። ሁሌም የሚለው ነው።»

«ሁሌ የሚለው ምን ብሎ ነው?»

«ግንኙነትዎ የግል አይደለም፤ መንገድ ላይ ሰው ሊያየው ይችላል ነው የሚል።»

«ሁሌ እንዲህ እያለሽ፣ አንቺ ሁሌ ታልፊያለሽ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን።

የኔታ ዓይናቸውን ከቀዩ ወደ ስክሪኑ ጥግ አወረዱ። ፊታቸው ተለወጠ። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ዛሬ ኅዳር አንድ ነው የሚለው? ጥቅምት ሃያ ዘጠኝን ማን በላው?»

ነገርኳቸው። የእሳቸው ቁጣ ሀጂን እንዴት እንዳንገበገበ፣ ማሽኖቹ እንዴት እንደዞሩ፣ ቀዩም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደመጣ።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ በይኛ።»

«እርስዎ ነዎት» አልኩ። ለምን እዋሻለሁ?

የሐኪም ቤቱ ገጽ ቀዩን የሚያመጣበትን ምክንያት ላስረዳቸው ሞከርኩ። እንዲህ ነው ያልኳቸው፦ አንድ ካህን ከሌላ ደብር ሲመጣ መሸኛ ይዞ ይመጣል አይደል? ማን እንደሆነ፣ ማን እንደላከው፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ ማህተም ተመትቶበት። ገጹም ልክ እንደዚያ መሸኛ አለው። ማሽኑ መጀመሪያ መሸኛውን ያያል። እውነተኛ ሆኖ ካገኘው ከገጹ ጋር ሁለቱ ብቻ በሚያውቁት ቋንቋ መነጋገር ይጀምራል፤ በመካከል የሚያዳምጥ ቢኖር ድምፅ እንጂ ቃል አይሰማም። ያን ጊዜ ላይ በኩል ትንሽ የጓጉንቸር ቁልፍ ትዘጋለች። የእኛ ማሽን ግን የሚኖረው ባለፈ ዘመን ነው። መሸኛው ሲመጣ «ይህ የሚጀምረው ገና ወደፊት ነው» ብሎ ሐሰት ያደርገዋል።

የኔታ ከእኔ በላይ ገባቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩና «ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ከሳምንት ወደ ኋላ ነው ያለው» አሉ። «መልሺው። ለደብዳቤ የፈለግነው ቀን ለመሸኛ አልሆነም።»

«ሀጂ» አልኩ ወደ በሩ፣ «ቀኑን ወደ ፈረንጅ ልመልሰው?»

«የኔታ ይቆጣሉ።»

«መልሺ ያሉት የኔታ ናቸው።»

ሀጂ አንገታቸውን በበሩ አስገቡ፣ የተዘረጋውን ጋቢ አዩ፣ አንገታቸውን መለሱ። ከጨዋ ነጋዴ ቤት መወለድ ለዚህ ይበጃል።

ቀኑን አስተካከልኩ። ገጹን እንደገና ከፈትኩት፣ ቁልፏ ስትዘጋ ለየኔታ ላሳያቸው ጣቴን ቀስሬ። ቀይ መጣ።

ሌላ ገጽ ሞከርኩ። ቀይ። አሁን ግን ቃሉ ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላነብ ያለፍኩትን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ስለ ቀን አያወራም። ማህተሙን የመታውን አካል አላውቀውም ነው የሚለው።

«ቀኑ ልክ፣ ማህተሙ ግን የሌላ?» አሉ የኔታ። «እንዲህ ያለ መሸኛ የያዘ መነኩሴ መጥቶብን ያውቃል። ቀኑ ልክ ስለሆነ ማህተሙን ያየ አልነበረም። ሦስት ቀን አብልተን አጠጥተን መጽሐፍ ይዞብን ሄደ።»

ያን ጊዜ ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። የእኛ ኢንተርኔት የሚመጣው ከጎረቤታችን ከሞባይል ጠጋኙ ሱቅ ነው፤ ሀጂ ሁለት መስመር ምን ያደርጋል ብለው ግድግዳውን አስበስተው ገመድ አስገብተዋል፤ የምንከፍተው ሁሉ በእሱ ቤት በኩል ያልፋል። ጠጋኙ ደግሞ ሰው ሳይነግረው የሚያውቅ ሰው ነው። ማን ፓስፖርት እንደጠየቀ፣ ማን ፈተና እንደወደቀ ያውቃል። «ከእኔ የሚያመልጥ የለም» ይላል፤ ስጦታ አለው የሚሉም ነበሩ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ የእሱ ወዳጅ ነው።

ገመዱን ነቀልኩ። የስልኬን ዳታ አብርቼ ኮምፒውተሩን በእሱ አገናኘሁት። ገጹን ከፈትኩ።

ቁልፏ ተዘጋች። ከአንዲት ምስር አትበልጥም። ቀይ የለ፣ ጩኸት የለ። ያን ጊዜ መምህርቷ ትዝ አለችኝ። ማመልከቻዋን በሞላሁ ቀንም ቀይ መጥቶ ነበር፤ በሁሉም ቀን ይመጣ ነበርና። ያ ዘበኛ ያን ቀን እውነቱን ነበር የሚጮኸው። ያወጣሁት በአፌ አይደለም፣ በጣቴ ነው።

ቁጥሩን አስገባሁ። ውጤቱ ወጣ። ተነሥቼ ጀርባዬን ሰጠሁና መስኮት መስኮቱን አየሁ። አንድ ባጃጅ አለፈ። ሁለተኛም አለፈ።

«ልጄ።»

«አቤት።»

«ይህ በእንግሊዝኛ ነው።»

ዞርኩ። የኔታ ግእዙን እንደ ውሃ ይጠጡታል፤ እንግሊዝኛው ግን የማይደርሱበት ዳገት ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር በተቆለፈ ቋንቋ፣ በስንት ተራራ ላይ አልፎ፣ ከጠጋኙ ጆሮ አምልጦ የደረሰ ምስጢር በመጨረሻ አንድ አፍ አስፈለገው። ያ አፍ ደግሞ ከአፍ ሁሉ የእኔ።

የኔታም ይህንኑ እያሰቡ እንደነበር ከዓይናቸው አየሁ።

«ስላንቺ የሚሉትን ሰምቻለሁ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«እውነት ነው?»

«ግማሹ። የሰው ፊት ላይ እናገራለሁ። ከኋላ ተናግሬ አላውቅም።»

አሰቡ። ቀን ሲያሰሉ እንደነበረው ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ፤ ምን እንደቆጠሩ አላውቅም። ከዚያ ጋቢውን በእኔ ራስ ላይም አለፍ አድርገው ዘረጉት። ከሥሩ ሆኜ አነበብኩላቸው። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ያስተማረን በአማርኛ ስለነበር ሁለት ቃል አስቸግሮኛል፤ ዋናው መስመር ግን አላስቸገረኝም። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከጨረስኩ በኋላ ገጹን ዘጋሁ፣ የተቀመጠ ፋይል እንዳይኖር አጠፋሁ፣ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት መለስኩላቸው።

«ሸጋ ነው» አሉ። ውጤቱን ይሁን ሥራዬን አልገባኝም። ተነሥተው በሀጂ አጠገብ ሲያልፉ «ቀኑን አስተካክለናል» ብለው ቀጥ ብለው ወደ ቤታቸው ወጡ።

ጠጋኙ ወዲያው መጣ። «ኔትወርክ ምነው ጠፋ? የኔታስ ምን ፈልገው ነው?»

«ቀን ሊያስተካክሉ» አልኩት። «አንተ ግድግዳው ውስጥ ምን ሰክተህ ነው?»

መጀመሪያ ካደ። ሀጂ ከወንበራቸው ሲነሡ ግን ሳቀ። «ለጨዋታ ነው እኮ። ከዩቲዩብ ተምሬ፣ ይሠራ እንደሆን ብዬ ነው።»

«የመምህርቷም ጨዋታ ነበር?»

«እኔን ምን ታደርጊኛለሽ?» አለ። «ማሽኑ እንደሆን ሰው እያየ ነው ብሎሽ ነበር። ቀጥል ያልሽው አንቺ ነሽ።»

የሚገባውን ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ይህ ግን እውነት ስለነበር ስድቤን አፌ ላይ አደረቀው። ሀጂ የወረቀት መቀሱን ከጠረጴዛዬ አንሥተው ገመዱን ከግድግዳው ሥር ቆረጡና ቁራጩን ለጠጋኙ በእጁ ሰጡት። «በዚህ የተውኩህ ያባትህን ጉርብትና አክብሬ ነው» አሉት። በሳምንቱ የራሳችን መስመር ገባ። አሁን በየኮምፒውተሩ ላይ የእኛን ቀን ከፈረንጁ የሚያዛምድ ሰንጠረዥ ተለጥፏል፣ በየኔታ የእጅ ጽሑፍ፣ አርዕስቱ በቀይ ቀለም። ደብዳቤ ላይ ቀን የምጽፈው እሱን እያየሁ በእጄ ነው።

መምህርቷን ፈልጌ አገኘኋት። ከአፌ ሳይሆን ከጣቴ እንደወጣ፣ ቀዩን ሳላነብ እንዳለፍኩ ነገርኳት። ይቅርታም ጠየቅኋት። «ለእኔ ምን ልዩነት አለው?» አለችኝ። ልዩነት የለውም። ዝውውሩ ግን ደርሷት ነበር፤ በወሩ ሄደች፣ ሳትሰናበተኝ።

እናቴ ከኮሶዬ ደውላ «የኔታ እናንተ ቤት ምን ሠሩ? ትናንት የአውቶብስ ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ» አለችኝ። ምን አሉ አልኳት። «ጋቢ ዘርግተው ከኮምፒውተር ጋር ሲጸልዩ ታዩ አሉ።» ጎንደር ማለት ይህ ነው። ቁልፉን መስበር ሲያቅተው ጋቢውን ይተነትናል። እናቴ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ሦስተኛውን ተቆጣች። አልነገርኳትም። ለእናንተም አልነግርም፤ እስከዚህ ያነበባችሁት ውጤቱን ለመስማት ከሆነ ጊዜያችሁን አባክናችኋል።

ኅዳር አጋማሽ ላይ የየኔታ ባለቤት መታወቂያ ኮፒ ልታስደርግ መጣች። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም፤ ማንነቷን ያወቅኩት ከመታወቂያው ነው፣ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ በሚለው ላይ የየኔታ ስም ተጽፏል። የኮፒ ማሽኑ እስኪሞቅ ቆመን ጠበቅን። ኮምፒውተሩ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አየች፣ የባሏን እጅ ጽሑፍ ታውቃለች፣ በጣቷ ነካ አደረገችው።

«በራሱ አፍ ነገረኝ» አለች። «የዚያኑ ቀን፣ ምሳ ሳይበላ።»

ዝም አልኩ።

«አፈኛ ናት ይሉሽ ነበር።»

«ነኝ።»

«ምነው ታዲያ አሁን ዝም አልሽ?»

ማሽኑ ሞቀ። ክዳኑን ከፍቼ መታወቂያዋን በፊቱ አስተኛሁት።

«ስንት ኮፒ ላድርግልዎ?» አልኳት።